ልጁን አታስተካክሉት

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ለፊልምና ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስልክ ላይ ከተቀዳው እየሰማሁ ጻፍኩት። ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ጦሳ ተራራ ጉሙን ደርቦ ነው የዋለው፤ በዚህ ብርድ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚያ ጥግ ቡና እያፈላችሁልን ያላችሁ እናቶቼ፣ እጃችሁ ይባረክ። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁ ልጆች አላችሁ አሉ። እስቲ እጅ አውጡ። ሸጋ! ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? ይደርሳል። እሺ።

ስለ ፊልም ላወራችሁ ነው። ስለ ሁሉም ፊልም ግን አይደለም። በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ፣ ብዙዎቹ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ የተሠሩ፣ የሚያስቁ፣ ዋና ገጸ ባሕሪያቸው ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ከማንም ጋር ያልገጠመ ልጅ የሆነ ፊልሞች አሉ። ኢንዲ ኮሜዲ ይሏቸዋል። ያን ልጅ እናንተም ታውቁታላችሁ። በየክፍሉ አለ። አንዳንዱ ፋራ ይለዋል፣ አንዳንዱ ጀዝባ ይለዋል። ሙድ ይያዝበታል። በእረፍት ሰዓት የት እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። አለ አይደል? አለ።

ሦስት ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። አንደኛው እነዚህ ፊልሞች የት እና በምን ተሠሩ የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ሳቅ ነው። ሦስተኛው የርዕሴ ጉዳይ ነው፤ ልጁን አታስተካክሉት። ከሦስቱም በፊት ግን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ።

ዘጠነኛ ክፍል አብሮን የሚማር ልጅ ነበር። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ማታ በራዲዮ የሰማውን ዜና ጠዋት ቃል በቃል ይደግመዋል። ቃል በቃል ስላችሁ በእውነት ቃል በቃል ነው። አንባቢው የተነፈሰበት ቦታ ላይ እሱም ይተነፍሳል። የመግቢያውን ሙዚቃ ሳይቀር በአፉ ይጫወተዋል። ማንም ስማኝ አላለውም፣ እሱም ስሙኝ አላለም። ለራሱ ነው የሚያነበው። "ራዲዮ" ብለን ስም አወጣንለት። ድምፁን አስመስዬ ባሰማችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላደርገውም። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ላይ ተሰልፈናል። መብራት ጠፋ። የሚኒ ሚዲያው ማይክ ዝም አለ። ያ ልጅ ማንም ሳይጠራው ከሰልፉ ወጣ፣ መሰላሉ ላይ ቆመና ዜናውን ማንበብ ጀመረ። ከመግቢያው ሙዚቃ ጀምሮ። ያን ሁሉ ተማሪ አያየንም፤ ዓይኑ ከባንዲራው እንጨት ላይ ነው። መጀመሪያ ዝም አልን። ከዚያ አንዱ ከኋላ ድምፁን አስመሰለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን እስከ አየር ሁኔታው ድረስ አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ አንድ መምህር እጁን ይዘው ወደ ሰልፉ መለሱት።

ከኋላ ድምፁን ካስመሰሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ማስመሰል እችልበት ነበር። ለምን እንዳደረግሁት አሁን አውቃለሁ። እኔ ራሴ ከሚሳቅባቸው ልጆች አንዱ ነበርኩ። ኪሴ ሁልጊዜ በቆሎ የተሞላ ነው፤ የገብስ ቆሎ። ስሮጥ ይንኮሻኮሻል። ክፍል ውስጥ ይንጠባጠብብኛል። ያን ሳምንት ግን ስለ ኪሴ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሳቁ ወደ ሌላ ሰው ስለሄደ እፎይ አልኩ። ይኼን እፎይታ የምታውቁት አላችሁ? ዝም ያላችሁት ታውቁታላችሁ ማለት ነው። አብሽሩ፣ ላፋጥጣችሁ አይደለም።

አሁን ወደ አንደኛው ነገር ልግባ።

ናፖሊዮን ዳይናማይት የሚባል ፊልም አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ልጁ ረጅም ነው፣ ፀጉሩ ጥቅልል፣ ዓይኑ ግማሽ የተከደነ፣ አፉ ሁልጊዜ ከፈት ያለ። ደብተሩ ላይ የሌለ አውሬ ይስላል። ከአያቱና ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይኖራል። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ከትምህርት ቤት ምሳ የተረፈ የተጠበሰ ድንች ይይዛል፤ ክፍል ውስጥ እያወጣ ይበላዋል። ይኼን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። የኔ ቆሎ ነው! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተሸማቀቅሁበትን ነገር የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው አገር ፊልም አድርጎታል።

የሠራው ጃሬድ ሄስ ይባላል። ከባለቤቱ ከጀሩሻ ጋር ነው የጻፈው። የቀረጸው የት ነው? ሎስ አንጀለስ አይደለም፣ ኒውዮርክ አይደለም። ፕሬስተን በምትባል በአይዳሆ ግዛት ያለች የገበሬ ከተማ ነው፤ ራሱ በተማረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። መጀመሪያ የፊልም ተማሪ ሳለ እዚያው ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ሠራ፣ አስር ደቂቃ እንኳ የማይሞላ። አብሮት የሚማረውን ጆን ሂደርን አሠራው። ያንን አሳይቶ ነው ለረጅሙ ገንዘብ ያገኘው። ረጅሙ ፊልም 400,000 ዶላር ገደማ ፈጀ። ለኛ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ለአሜሪካ ሲኒማ ግን ምንም ማለት ነው። ዋናው ተዋናይ መጀመሪያ የተከፈለው 1,000 ዶላር ነው። ሰንዳንስ በሚባለው ፌስቲቫል ታየ፣ አንድ አከፋፋይ ገዛው፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ44 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በዓመቱ፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ የአይዳሆ ምክር ቤት ባልና ሚስቱን የሚያመሰግን ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው ላይ ድንቹ ሳይቀር ተጠቅሷል፤ አይዳሆ የድንች አገር ነዋ።

ይኼን ሁሉ ቁጥር የነገርኳችሁ ሀብታም ትሆናላችሁ ለማለት አይደለም። አብዛኛው ትንሽ ፊልም ገንዘብ አያመጣም። ልላችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው። ሰውየው የተማረበትን ከተማ፣ የተመላለሰበትን ኮሪደር፣ እዚያ የሚበላውን ድንች ነው የቀረጸው። እኛ ፊልም እንሥራ ስንል መጀመሪያ የምናስበው ምንድን ነው? አዲስ አበባ። ቦሌ። ጥሩ መኪና ከማን እንዋስ? ጥሩ ቪላ የማን ቤት አለ? ሰኞ ገበያን የሚያስብ የለም። ሆጤ ሜዳን የሚያስብ የለም። ጠዋት በጉም ውስጥ ዩኒፎርም ለብሶ ዳገት የሚወጣ ልጅ፣ ከጉሙ መጀመሪያ ቦርሳው ከዚያ ራሱ ብቅ ሲል፣ ይኼን የትኛው ስቱዲዮ ነው የሚሠራላችሁ? ደሴ በነጻ ትሰጣችኋለች። በየቀኑ።

ሁለተኛው፣ ሳቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የማስበው ነገር ስለሆነ።

በአንድ ሰው መሳቅ አለ፣ ከአንድ ሰው ጋር መሳቅ አለ። የኛ ኮሜዲ አብዛኛው በሰው የሚሳቅበት ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ ሊፍት ሲያይ ይደነግጣል፣ እንስቃለን። የሚንተባተብ ሰው ይንተባተባል፣ እንስቃለን። ዳይሬክተሩ ደግሞ ያንን ሳቅ ይደግፋል፤ ቱርርር የሚል ድምፅ ያስገባል፣ ካሜራው ፊቱ ላይ ይጠጋል፣ አጠገቡ ያሉት ሰዎች ሲስቁ ያሳየናል። ያኔ እኛም የሰልፉ አካል እንሆናለን። ያ ልጅ መሰላሉ ላይ ቆሞ ከኋላ እንዳስመሰልነው ማለት ነው።

እነዚህ ፊልሞች ተቃራኒውን ነው የሚያደርጉት። እንዴት? ናፖሊዮን ዳይናማይትን ውሰዱ፤ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ቆሟል። ሦስት እግሩ ላይ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። ልጁ መሀል ላይ ነው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ይታያል፣ ዙሪያው ባዶ ነው። ሙዚቃ "አሁን ሳቁ" አይልም። የሚስቁ ሰዎች ፊት አይታይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ቀልድ እየሠራ አይደለም። ናፖሊዮን አንድም ቀን ሊያስቅ አይሞክርም። ስለ አውሬው ሲያወራ ከልቡ ነው። ሲናደድ ከልቡ ነው። ኮሜዲ ላይ ለምትተውኑ ልጆች ይኼን ደግሜ ልንገራችሁ፦ አታስቁ። ከልብ ሁኑ። ሳቁ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ከልጁ ጋር ይመጣል።

ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ትዕይንት ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ጓደኛው ፔድሮ ከሜክሲኮ የመጣ ልጅ ነው፣ ለተማሪዎች ፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል። ተወዳዳሪ ሁሉ መድረክ ላይ ትርኢት ማሳየት አለበት። ፔድሮ ምንም አላዘጋጀም። ናፖሊዮን ካሴቱን ሰጠና ወጣ፣ ብቻውን ጨፈረ። መድረኩ ባዶ ነው። ለራሱ አይደለም የጨፈረው፤ ለጓደኛው ነው። ጭፈራውን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ አይተነው ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅንም። ተማሪው ቆሞ አጨበጨበ።

እኔ ግን የምወደው ጭብጨባውን አይደለም። ከጭብጨባው በኋላ ያለውን ነው። ልጁ መድረኩን ለቆ ይሮጣል። በማግሥቱ ታዋቂ አይሆንም። ፀጉሩ አይስተካከልም። ያው ቦት ጫማ ነው፣ ያው ከፈት ያለ አፍ ነው። ፊልሙ የሚያልቀው ሜዳ ላይ ብቻውን ሆኖ በገመድ የታሰረች ኳስ ሲመታ ነው። አንዲት ልጅ መጣችና አብራው መምታት ጀመረች። አለቀ። አንድ ሰው መጣ። በቃ።

ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ገብተናል ማለት ነው።

ልጁን አታስተካክሉት! በሚኒ ሚዲያ የምናቀርበውን ድራማ አስቡት። አንድ ለየት ያለ ልጅ አለ። አምስት ደቂቃ ሲስቁበት እናያለን። ከዚያ አንድ መምህር ይመክሩታል። ልብሱን ይቀይራል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ አንደኛ ይወጣል፣ ቆንጆዋ ልጅ ትወደዋለች። ከዚያ ሁላችንም መድረክ ላይ ወጥተን መልእክቱን በአንድ ድምፅ እንናገራለን። ይኼ ድራማ ለዚያ ልጅ የሚለው ምንድን ነው? "እንዳለህ ብትሆን አንወድህም" ነው የሚለው። መጨረሻው ዴስክ ላይ የተቀመጠው ልጅ ይኼን ይሰማል። በደንብ ይሰማል።

መምህራን፣ ከእናንተ ጋር ላውራ፣ በአክብሮት ነው። ተማሪ ስክሪፕት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት "መልእክቱ ምንድን ነው?" የሚል ነው። እኔም መምህር ስለሆንኩ ጠይቄያለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። አሁን የምጠይቀው "ይኼን ልጅ ትወዱታላችሁ ወይ?" ብዬ ነው። "አዎ" ካሉኝ "እንግዲያው ምን ይበላል? ቤቱ ሲገባ ማን ይጠብቀዋል? ብቻውን ሲሆን ምን ያደርጋል?" እላለሁ። ይኼን ሲመልሱ ፊልሙ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥም ትልልቆች መጀመሪያ የሚያዩት ልጁን አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤይትዝ ግሬድ የሚባል ፊልም ወጣ፣ ቦ በርንሃም የሚባል ሰው ሠራው። ስለ አንዲት ዓይን አፋር የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው። ለፊልሙ የተሰጠው የዕድሜ ገደብ ግን ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳይገባ የሚል ሆነ። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ስለ ስምንተኛ ክፍል የተሠራውን ፊልም ብቻቸውን ገብተው ማየት አልቻሉም! አከፋፋዩ ምን አደረገ? በነሐሴ ወር አንድ ምሽት በሃምሳውም ግዛት አንዳንድ ሲኒማ ቤት ላይ ገደቡ ሳይጠየቅ በነጻ አሳየላቸው። ያን ምሽት እዚያ የነበሩትን ልጆች ሳስብ ደስ ይለኛል።

የአነጋገራችን ነገርም እዚሁ ውስጥ ነው ያለው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከግላስጎው አጠገብ ባለች ከምበርኖልድ በምትባል ከተማ የተሠራ፣ ግሪጎሪስ ገርል የሚባል ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ቢል ፎርሳይት ነው። ከተዋናዮቹ ብዙዎቹ ከግላስጎው የወጣቶች ቴአትር የመጡ ልጆች ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ አለ። በእግር ኳስ ቡድኑ ውስጥ ቦታውን አንዲት ልጅ ትወስድበታለች፤ እሷ ትበልጠዋለች። እሱ ግን አይቀናም፣ ፍቅር ይይዘዋል እንጂ! ሸጋ ፊልም ነው። ወደ አሜሪካ ሲሄድ ግን አከፋፋዮቹ የልጆቹን አነጋገር ፈሩት። ለአሜሪካ ጆሮ እንዲለሰልስ ድምፁን እንደገና አስቀዱት። አያችሁ? ሰውን ማስተካከል የሚጀምረው ከአፉ ነው።

እናንተም ካሜራ ፊት ስትቆሙ አፋችሁ ይቀየራል። አይቻችኋለሁ። "አብሽር" የምትለዋ ልጅ ካሜራው ሲበራ "አይዞህ" ትላለች። ለምን? አብሽር ምን አደረገ? ባቲና አምባሰል የቦታ ስም አይደሉም ወይ? ባቲን በሰኞ ገበያዋ፣ አምባሰልን በተራራው እናውቃቸዋለን። አገር ሁሉ የሚዘፍንባቸው ቅኝቶች ናቸው፣ ስማቸውም እስካሁን ባቲና አምባሰል ነው። ማንም ስማቸውን አላስተካከለም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሰዓቴንም እያየሁ ነው።

ያ ቆሎ ከየት እንደሚመጣ አልነገርኳችሁም። እናቴ ናት የምትቆላው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጉሊት ነበረቻት፤ ቆሎና ለውዝ በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች። የክፍሌ ልጆች ይገዟታል። እናቴ መሆኗን ግን አያውቁም፣ አልነገርኳቸውማ። ከነሱ ጋር ስወጣ በሌላ በኩል እመለከታለሁ። አንድ ቀን ጠራችኝ። በስሜ ጠራችኝ። ሰማኋት፣ አለፍኳት። ማታ ቤት ስገባ ራቴን አቀረበችልኝ። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተናገረችም፣ ያን ቀንም ከዚያ በኋላም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ራሽሞር የሚባል ፊልም አየሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ዳይሬክተሩ ዌስ አንደርሰን ነው። እርግጥ ይኼኛው ከትልቅ ኩባንያ ገንዘብ አግኝቷል፣ መንፈሱ ግን የነዚያው ነው። እሱም ራሱ በተማረበት ሂዩስተን ያለ ትምህርት ቤት ነው የቀረጸው። ማክስ የሚባለው ልጅ ሁሉም ክበብ ውስጥ አለ፣ ትልልቅ ቴአትር ያዘጋጃል፣ ትምህርቱን ግን ይወድቃል። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱ ግን ለሰው "አባቴ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው" ይላል። ወደ ፊልሙ መጨረሻ ላይ አባቱን ለሰው ያስተዋውቃል፤ ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ይናገራል። ትልቅ ንግግር የለም፣ ለቅሶ የለም። ሰላም ይባባላሉ፣ በቃ።

እዚያ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። እናቴ ጋ ደወልኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። እሷ ቀድማኝ "በላህ?" አለችኝ። "በላሁ" አልኳት። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናት። ያቺ ነጠላዋን ያጣፋችው። ተማሪ ቤት በር ላይ ቆሎ ትሸጥ የነበረችው እናቴ ናት። (ጭብጨባ)

አመሰግናለሁ። አመሰግናለሁ፣ ተቀመጡ።

ለክበቡ ልጆች የቤት ሥራ አለኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሁለት ገጽ ጻፉ። ስለ አንድ የምታውቁት ልጅ። ስሙን ቀይሩ። ሲያወራ ሳይሆን ሲያደርግ ጻፉት። መጨረሻ ላይ እንዳይለወጥ። ካሜራ የለንም እንዳትሉኝ፣ ስልክ አላችሁ፤ ሦስት እግር ባይኖር ድንጋይ ላይ አስደግፉት።

ያ "ራዲዮ" ያልነው ልጅ አሁን አይሱዙ ይነዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ ይመላለሳል። ሙሉ መንገድ ራዲዮ ይሰማል፣ አንዳንዴ ማታ ይደውልልኝና የዋለበትን አገር የአየር ሁኔታ ይነግረኛል። በዚህ ሳምንት ደወልኩለትና "ስለ አንተ ለተማሪዎች ላወራ ነው፣ ትፈቅድልኛለህ?" አልኩት። የዚያን ቀን ጠዋት ካስመሰሉት አንዱ እኔ እንደነበርኩም ነገርኩት። "አውቃለሁ፣ ድምፅህን ለይቼዋለሁ" አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር። ከዚያ "አውራላቸው" አለኝ። "ግን ድምፄን አታስመስል።"

ለዚህ ነው ያላሰማኋችሁ።